ጎጆ ቤት ወይስ የመዝናኛ መንደር? የቤተሰብ እረፍታችን የጋራ ረቂቅ

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቤተሰቦች ማህበራችን ስብሰባ እንደተስማማነው የዘንድሮውን የቤተሰብ እረፍት የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንቀርጻለን። አማራጮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ገለል ያለ፣ ዙሪያው ዛፍና ሜዳ የሆነ ትልቅ ጎጆ ቤት ነው። ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። ሌላው የመዝናኛ መንደር ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አነስተኛ ቤት ይይዛል። መዋኛው፣ የልጆች መጫወቻውና ምግብ ቤቱ የጋራ ነው።

ኮሚቴው ለመነሻ ያህል ያስቀመጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ማህበሩ ጸጥታን በማስቀደም ጎጆ ቤት ይከራያል።» እንደፈለጋችሁ አርሙት፣ ጨምሩበት፣ ቀንሱለት። ግን አደራ፣ «እኔ ይኼን እወዳለሁ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምክንያቱን ጻፉ። እኔ በበኩሌ አንድ ጥያቄ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ ጉዞ በእርግጥ አርፎ የሚመለሰው ማነው?

የሦስት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። ጎጆ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወፍ ማዳመጡ ነው የሚታየን። እኔ ግን ቶሎ የሚታየኝ ኩሽናው ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ ማጠቢያ፣ አንድ ፍሪጅ። ጠዋት ትንሹ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል። ሌላውን ሰው እንዳይቀሰቅስ እናቱ ይዛው ትወርዳለች። ወተት ስታሞቅ ሌላው ልጅ ኮቴዋን ሰምቶ ይከተላታል። እሱም ራበኝ ይላል። የቁርሱ ሳህን ሳይደርቅ ለምሳ ሽንኩርት መክተፍ ይጀመራል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራው ሁልጊዜ የለመደችው እጅ ላይ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ጎጆ ቤት ከሆነ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል የሚለው ከመሄዳችን በፊት በወረቀት ይቀመጥ። ወንዶቹም ተራ ይግቡ። «እዛ ስንደርስ እንተጋገዛለን» የሚለውን ስንቴ ሰምተነዋል።

ጋሼ (ጡረተኛው መምህር)፦
ልጆቼ፣ እኔ ጸጥታ ወዳድ መሆኔን ታውቃላችሁ። ነገር ግን የታሪክ መምህር ነበርኩና አንድ ነገር ላንሳ።

የመዝናኛ መንደር የተስፋፋው ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥ ማረፍ ሲጀምር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ የዓመት እረፍትን የሚመለከተውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ቢያንስ ስድስት የሥራ ቀን ይላል። በዚያው ዓመት ቢሊ በትሊን የተባለው ሰው እንግሊዝ አገር ስኬግነስ ላይ ትልቁን የመዝናኛ ካምፑን ከፈተ። የብሪታንያ የእረፍት ክፍያ ሕግ ደግሞ በ1938 ወጣ። እነዚያ ካምፖች ጫጫታቸው ለጉድ ነበር። ግን ምግቡ ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ማታ ወላጆች ለጨዋታ ሲወጡ በቤቶቹ መካከል እየተዘዋወረ የሕጻን ለቅሶ የሚያዳምጥ ሠራተኛ ነበር። ፀሐፊያችን የጠየቀችውን ጥያቄ እነዚያ ሰዎች አስበውበት ነበር ማለት ነው። እናት ማረፍ ነበረባትና።

በኋላ ደግሞ ሐሳቡ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፒት ደርክሰን የተባለ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ሆላንድ ውስጥ ሎመርበርገን የሚባለውን መንደር ከፈተ። ዛሬ ሴንተር ፓርክስ የሚባለው ድርጅት መነሻው እሱ ነው። የሰውዬው ሐሳብ የከተማ ቤተሰብ ጫካ ውስጥ የራሱ ቤት ኖሮት ይረፍ የሚል ነበር። ቤቶቹን የነደፋቸው ያፕ ባከማ የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት ነው። ክረምት ከበጋ የሚሞቀው፣ ጣሪያው መስታወት የሆነው ትልቁ መዋኛ የመጣው በ1980 ደ ኤምሆፍ የሚባለው መንደር ሲከፈት ነው። እና ጎጆውና መንደሩ ያን ያህል ባላንጣ አይደሉም። መንደሩ ራሱ የተጀመረው ብዙ ጎጆ ጫካ ውስጥ በመትከል ነው።

የጎረምሶቹ አባት፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። የእኔ አጭር ነው። ዕድሜያቸው ከ13 በላይ የሆኑ ልጆች ገለል ያለ ቤት ውስጥ ሁለተኛው ቀን ላይ ይሰለቻሉ። ከእኩያ ጋር መዋልና ያለ ወላጅ ጥቂት መራመድ ይፈልጋሉ። መኪና የማይገባበት መንደር ውስጥ ብስክሌት ይዘው ቢጠፉም ልቤ አይሰጋም። አስፋልት ዳር ካለ ጎጆ ግን ብቻቸውን አልለቅም።

የቧንቧ ባለሙያው፦
እኔ በሙያዬ ልናገር። ትልቅ ጎጆ ቤት ስንከራይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሙቅ ውኃው ነው። ቤቱ 150 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አለው እንበል። ውኃው 60 ዲግሪ ሞቆ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለገላ የሚሆን 280 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሻወር በደቂቃ ወደ 9 ሊትር ያፈሳል። አንድ ሰው 10 ደቂቃ ከቆየ 90 ሊትር ሄደ። ሦስት ሰው ታጥቦ አራተኛው ይንቀጠቀጣል። ቦይለሩ እንደገና እስኪሞቅ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። መዋኛ ወይም ጭቃ ውስጥ የዋሉ ልጆችን አስቡ።

ሌላው ፍሳሹ ነው። ከከተማ የራቀ ቤት ብዙውን ጊዜ ያለው ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹን መሬት ውስጥ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ታንክ ላይ አምስት ቤተሰብ ሲጨመርበት፣ እርጥብ የሕጻናት መጥረጊያም ሽንት ቤት ሲጣልበት ይሞላል፣ ይዘጋል። ባለቤቱን ስለ ዕይታው ሳይሆን ስለዚህ ጠይቁት። «20 ሰው ይይዛል» ሲላችሁም ሳሎን ያለውን የሚዘረጋ ሶፋ እንደ አልጋ ቆጥሮት እንደሆነ አጣሩ። ሶፋው ላይ የሚተኛው ሰው የመጨረሻው ሰው እስኪገባ እንቅልፍ የለውም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ይኼን የሚነግረን ሰው አጥተን ነበር። ተባረክ።

ሲስተር፦
ነርስ ነኝና ውኃውን እኔም ልንካው፣ ግን በሌላ በኩል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በውኃ ሰጥሞ ሞቷል። ከእነዚህ ወደ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ይበቃል።

ጎጆ ቤቱ ግቢ ውስጥ ኩሬ አለው? ወንዝ ይቀርበዋል? አጥር አለ? መንደሩ መዋኛው ላይ ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሠራተኛ አለው፣ ደግ ነው። ግን ይህ ሠራተኛ ሞግዚት አይደለም። ብዙ ወላጅ በአንድ ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል፤ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ የትም እንሂድ፣ ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ። ውኃ ዳር ሁልጊዜ በስም የታወቀ ተረኛ ይኑር። ተረኛው ስልክ አይነካም። መዋኘት ለማይችል ሕጻን ደግሞ ወላጁ በእጁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን።

ጎጆ ቤቱ የእንጨት ምድጃ ካለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን እንጠይቅ። ከሚነድ እንጨትና ከሰል የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰል የተያያዘበት መጥበሻ ሌሊት ይሞቀናል ተብሎ ቤት ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አንዲት አባል፦
እስካሁን እያነበብኩ ነበር። ልጄ ኦቲዝም እንዳለው አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ጎጆ ቤት የሚለውን ሳይ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የመንደሩን መዋኛ አስቡት። ጣሪያው መስታወት ነው፣ ድምፅ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ውኃ ይፈሳል። ልጄ እዚያ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚቆመው። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ መታጠቢያ ቤት ያለው የእጅ ማድረቂያ ነው። ድንገት ሲጮህበት ቀኑ ሙሉ ይበላሻል።

ግን ረጋ ብዬ ሳስበው ሌላ ነገር ታየኝ። ትልቁ ጎጆ ቤት ጸጥ የሚለው ባዶውን ሲሆን ነው። እኛ ሁላችን ከልጆቻችን ጋር ስንገባበት ደረጃው ይንኳኳል፣ በር ይጋጫል፣ ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ወሬ በአንድ ጊዜ ይወራል። ልጄ ሲከብደው የት ይሂድ? መኝታ ቤቱም የሌላ ቤተሰብ ልጆች የሚያልፉበት ነው። መንደሩ ውስጥ ግን የራሳችን በር አለን። ገብተን እንዘጋዋለን። ሲረጋጋ እንወጣለን። ለእኔ ቤተሰብ ጸጥታ ማለት ከከተማ መራቅ አይደለም፣ በፈለግን ሰዓት የሚዘጋ በር ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ማንም ሰው «ለምን ተደበቃችሁ?» ብሎ በር አያንኳኳብን። ሲቀናን ራሳችን እንመጣለን።

ፀሐፊ፦
እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽልን ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው «ጸጥታን በማስቀደም» ብሎ ሲጽፍ ጸጥታው ከየት እንደሚመጣ አልተነጋገርንም ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ላስተካክለው፦

«ማህበሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የሚዘጋ በር እንዲኖረው ያደርጋል። ስለዚህ በመዝናኛ መንደር ውስጥ፣ ከመዋኛውና ከመጫወቻው ራቅ ባለው ጫፍ፣ አጠገብ ለአጠገብ የሆኑ ቤቶችን ይከራያል። በሩን የዘጋ ቤተሰብ አይጠራም።»

ገንዘብ ያዥ፦
ዓረፍተ ነገሩ ተስማምቶኛል፣ ኪሳችንን ግን አይርሳ። መንደር ሲባል በመጀመሪያ የሚነገረው ዋጋ የቤቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብስክሌት፣ አንሶላ፣ የመጨረሻ ቀን ጽዳት፣ መኪና ማቆሚያ፣ የልጆች ጨዋታ ተራ በተራ ይጨመራል። ጎጆ ቤት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ግን አንድ ቤተሰብ ከቀረ ድርሻው የሌሎቻችን ዕዳ ይሆናል። ውሉን የሚፈርመውም አንድ ሰው ነው፣ መስኮት ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነው። መንደሩ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ውል ይፈርማል። የሚቀር ቢኖር የራሱን ቤት ይሰርዛል፣ ማንንም አይጎዳም። ለእኔ ሚዛን የደፋው ይኼ ነው።

ብዙ መንደሮች ከሰኞ እስከ አርብ እና ከአርብ እስከ ሰኞ ብለው ነው የሚያከራዩት። የሳምንቱ አጋማሽ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፣ ሰውም ይቀንሳል። ትምህርት ቤት የጀመሩ ልጆች ያሏችሁ ግን ዕረፍት ሲሆን ብቻ ነው የምትችሉት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ ቀኑን የሚወስኑት እነሱ ይሁኑ። ሌሎቻችን እንከተላለን።

የጎረምሶቹ አባት፦
ይህን ስላሰብክልን እናመሰግናለን። ትምህርት በሚዘጋበት የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ሳምንት ቢሆን ጫናው ይቀንስ ይሆናል፤ ሁለቱንም ጠይቅልን።

ጋሼ፦
እኔም እስማማለሁ። ሁለት ነገር ግን ይጨመርልኝ። ደረጃ መውጣት ለምንቸገር ሰዎች መኝታውም መታጠቢያውም ምድር ቤት የሆነ ቤት ይያዝ። ሌላው፣ አንድ ማታ ሁላችንም አብረን እንብላ። አንድ ማታ ብቻ፣ በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ። የጎጆ ቤቱ አንድ መልካም ነገር ያ ረጅም ጠረጴዛ ነበር፣ እሱን ልናጣው አይገባም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ በደስታ። ያን ቀን ግን ምግቡ ከመንደሩ ምግብ ቤት ይምጣ፣ ወይም አባቶች ያብስሉ።

የቧንቧ ባለሙያው፦
እኔ ተመዝግቤያለሁ። ሁለት ረዳት ስጡኝ።

ፀሐፊ፦
የመጨረሻው ረቂቅ ይኸው፦

«ማህበሩ ለዘንድሮው የቤተሰብ እረፍት የመዝናኛ መንደር ይመርጣል። ቤቶቹ አጠገብ ለአጠገብ፣ ከመዋኛው ራቅ ብለው ይሆናሉ። ቢያንስ አንዱ ቤት ደረጃ የሌለው ይሆናል። በሩን የዘጋ ቤተሰብ አይጠራም። ውኃ ዳር በስም የተመደበ ተረኛ ይኖራል። የጋራ እራት አንድ ማታ ሆኖ የሚያበስሉት አባቶች ናቸው። ቀኑን ተማሪ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይወስናሉ። ማህበሩ ወደፊት ጎጆ ቤት ቢከራይ የሙቅ ውኃው መጠን፣ የእውነተኛ አልጋዎች ቁጥር፣ የግቢ አጥርና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አስቀድሞ ይጠየቃል።»

ሲስተር፦
ተረኛው ስልክ አይዝም የሚለው ይጨመር። ከዚያ ፊርማዬን ውሰጂ።

ፀሐፊ፦
ተጨምሯል።

ገንዘብ ያዥ፦
ነገ ለመንደሮቹ እደውላለሁ። ዋጋው ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ፣ የመሰረዣ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ መዋኛው ሰው የማይበዛበት የጠዋት ሰዓት እንዳለውና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከእጅ ማድረቂያው ሌላ የወረቀት ፎጣ መኖሩን እጠይቃለሁ። መልሱን እዚሁ አመጣለሁ።