አደንጓሬዬ አልበስል አለ፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሰላም ለሁላችሁ። ብርድ ሲገባ ቅዳሜ ማታ ሁላችንንም አንድ ማዕድ ላይ የሚሰበስበን የአደንጓሬ ሾርባ አለን። ልጆቹ ካሮት ይልጣሉ፣ ባለቤቴ እያለቀሰ ሽንኩርት ይከትፋል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ይሸፈናል። እውነቱን ለመናገር ከሾርባው ይበልጥ የምወደው ያንን ሰዓት ነው።

ዘንድሮ ግን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ከሸፈብኝ። ለ12 ሰዓታት ዘፍዝፌ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ በአዲስ ውሃ 3 ሰዓት ሙሉ ቀቀልኩት። ልጣጩ ይሸበሸባል እንጂ ውስጡ ድንጋይ ነው! ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ ልጄ “እማዬ፣ ጠጠር ገብቶበታል እንዴ?” አለኝና በዳቦ አደርን።

ቲማቲሙን የምጨምረው ከመጀመሪያው ነው፤ አሲድ ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ እንደሚያደርግ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አደንጓሬውም ሙቀት ባለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ከዓመት በላይ ቆይቷል። ውሃችን ደግሞ ካልሲየም ይበዛበታል መሰለኝ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ከሦስቱ ጥፋተኛው የትኛው ነው?

ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብጨምርስ? ሳሙና ሳሙና እንዳይለኝ ፈራሁ። ጎረቤቴ በዝቅተኛ ሙቀት አዳሩን ይብሰል ብላኛለች፤ ቀይ አደንጓሬ በደንብ ሳይንተከተክ ከተበላ ግን ሆድ ክፉኛ ያውካል፣ ስለዚህ እሱን አልሞክረውም።

ያው ቅዳሜ እየደረሰ ነው። የተረፈኝን አንድ ኪሎ ልጣለው ወይስ መላ አለው?