ክረምት ላይ የካሜራ ሌንስ ከሻጋታ እንዴት ይተርፋል?

የፎቶ ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ የድሮ ድንጋይ ቤት ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሐምሌ ከገባ ግድግዳው ያልበዋል። አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ወጥቷል። ሻጋታ ነው አሉኝ። የቀሩትን ማትረፍ አለብኝ፣ እንጀራዬ ናቸው። አንዱ ሩዝ ይለኛል፣ ሌላው ጨው። ለጊዜው ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ቦርሳው ውስጥ ጨምሬያለሁ። ይበቃል?

ካዛንቺስ፦
ስልኬ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ አሳድሬው ተነስቷል። ሞክሪው።

አራት ኪሎ፣ ላብራቶሪ፦
እህቴ፣ ሩዙን ተይው። እርጥበት የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው፣ ዱቄቱም ሌንስሽ ውስጥ ይገባል። ጨውም አይሆንም። ክረምት ላይ የወጥ ቤት ጨው የሚረጥበው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች እዚህ ግባ የሚባል ውሃ አይስብም። ሻጋታ ግን 70 በመቶ ላይም ይበቅላል፤ ጨውሽ ሥራ ሳይጀምር ይቀድመዋል።

የጫማው ከረጢት ሲሊካ ጄል ነው። ትክክለኛው እሱ ነው። ጥራጥሬው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ውሃው የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይያዛል። የክብደቱን ሲሶ ያህል ሊይዝ ይችላል። ግን ይጠግባል፣ ምናልባት አንቺ ጋ ሲደርስ ጠግቦ ነበር። ቦርሳ ደግሞ አየር ያስገባል። ክዳኑ ጎማ ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ግዢ፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያም አስገቢበት። ከ40 እስከ 50 በመቶ ከሆነልሽ በጣም ጥሩ ነው።

ቀለም የሚቀይረውን ካገኘሽ ብርቱካናማውን ውሰጂ፤ ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል። ሰማያዊው ወደ ሮዝ የሚቀየረው በኮባልት ክሎራይድ ነው፤ መርዛማ ስለሆነ እኔ ቤቴ አላስገባውም። የጠገበውን ትሪ ላይ ዘርግተሽ ኦቨን ውስጥ 110 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቂው። ቀዝቅዞ ይመለስ። ፕላስቲክ ከረጢት ግን ኦቨን እንዳይገባ።

የፎቶ ቤቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቁም ሳጥን ውስጥ የሚሰቀለውስ፣ ውሃ የሚያጠራቅመው? ጎረቤቴ ደግሞ ያልተቦካ ኖራ አድርጊ አለኝ።

አራት ኪሎ፣ ላብራቶሪ፦
የሚሰቀለው አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ውሃ ስቦ ስቦ ራሱ ይሟሟል። ለልብስ ደህና ነው፤ ሌንስ አጠገብ ከፈሰሰ ግን ብረቱን ያዝገዋል። ኖራውን በፍጹም! ውሃ ሲያገኝ በኃይል ይግላል፣ ብናኙም ዓይን ያቃጥላል።