የኦቲ ባለሙያ የዓመት ዕቅድ ምን ተብሎ ይጻፋል? ሐምሌ 1 ደረሰብኝ

ባለጀበናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት (ባጭሩ ኦቲ) ነኝ፤ ታሞ ወይም ተጎድቶ የዕለት ተዕለት ሥራውን መሥራት ያቃተው ሰው መልሶ እንዲሠራ የምንረዳ ነን። ጎንደር ተምሬ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ በዚህ ሙያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሳጥን ሰጥተውኛል። "ኦቲ ነኝ" ስል የሰው ሀብት ሰዎች ኦቨርታይም ልጠይቅ የመጣሁ ይመስላቸዋል። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ አባት የሰባት ዓመት ልጁን አዝሎ መጣ። የሙያዬን ስም አንድ ሰው ተርጉሞለት ኖሮ "ሥራ የምታስቀጥሪው እኔን ነው ወይስ ልጁን?" አለኝ። የመለስኩለት መልስ እስካሁን አልጣመኝም።

ወደ ጥያቄዬ። የቢኤስሲ ፎርም፣ ማለትም የሥራ ዕቅዳችንና ውጤታችን የሚመዘንበት፣ ሊሞላ ነው። "መማማርና ዕድገት" የሚለው ቦታ ላይ የራሴን ዕቅድ መጻፍ አለብኝ። የዘንድሮው ላይ "ሙያዊ ክህሎቴን ማሳደግ፤ 2 ስልጠና መውሰድ" ብዬ ነበር። ሁለቱንም ወሰድኩ፤ አንዱ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል፣ አንዱ ስለ መረጃ አያያዝ። መጥፎ አልነበሩም። የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ተያዘልኝ፣ አለቃዬ ሙሉ ሰጡኝ፣ ፎቶም ተነሳን።

በዚሁ ዓመት ጥር ላይ አንዲት ሴት ተላከችልኝ። የሚጥል በሽታ አለባት፤ እንጀራ ስትጋግር ወድቃ የቀኝ እጇ ጀርባ ተቃጠለ። እኔ ጋ የደረሰችው ቁስሉ ደርቆላት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ በሰባተኛው ሳምንት ነው። የጣቶቿ መነሻ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ እጇ እንደ አሞራ ጥፍር ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብጠራ ኖሮ ስፕሊንት (እጅን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ) ሠርቼ እጇን በትክክለኛው አቀማመጥ እይዝላት ነበር፤ አንጓው ትንሽ ወደ ላይ ቀና፣ የጣቶቹ መነሻ ወደ 70 ዲግሪ እጥፍ፣ ጣቶቹ ቀጥ። ተምሬዋለሁ፣ እችለዋለሁም። "ከዚያ ወዲህ በቀኜ ጎርሼ አላውቅም" አለችኝ። ሰው ፊት ስለምታፍር ብቻዋን ነው የምትበላው። ሙሉ ነጥብ ያገኘሁት እንግዲህ በዚህ ዓመት ነው።

ምን ብዬ ልጻፍ? ፎርሙን የሚሞላልኝን ሳይሆን የሚረባኝን ማለቴ ነው። በሙያዬ የሚቀድመኝ ሰው አጠገቤ የለም፤ አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ፊዚዮቴራፒስት ናቸው።

ፊዚዮው፦

እህቴ፣ አታካብጂው። ፎርም ፎርም ነው። "3 የሲፒዲ ኮርስ መውሰድ" ብለሽ ጻፊና ተገላገይ፤ ፈቃድ ስታሳድሺም ያስፈልግሻል፤ ኦንላይን ያሉትን ማታ ማታ ትጨርሻቸዋለሽ። የሚረባሽን በራስሽ ደብተር ያዢ። ሁለቱን ካቀላቀልሽ በታኅሣሥ ግምገማ የምትቀጪው አንቺ ነሽ። እኔ አንድ ዓመት "የወገብ ሕመምተኞችን ሕመም በግማሽ መቀነስ" ብዬ ጽፌ ያገኘሁትን ነጥብ ለጠላቴም አልመኝም።

ዝናብ_አገር፦

የፊዚዮውን ምክር ግማሹን ውሰጂ፣ የደብተሩን።

እንግሊዝ አገር ኦቲ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስትሮክ ክፍል። እዚህ የሚመዘግበን ኤችሲፒሲ ይባላል። እኛ ኦቲዎች ምዝገባችንን በየሁለት ዓመቱ እናሳድሳለን። ባሳደስን ቁጥር ከመቶው 2.5 ያህሉ በዕጣ ተመርጠው ምን እንደተማሩ አሳዩ ይባላሉ። በ2019 ዕጣው ለእኔ ወጣ። ፎልደሬ በሰርተፍኬት ያበጠ ስለነበር አልደነገጥኩም። ከዚያ መመሪያውን አነበብኩት። ይህን ያህል ሰዓት ተማሪ የሚል ነገር የለውም። የሚጠይቁሽ የተማርሽው ሥራሽን እንዴት እንዳሻሻለና የምታክሚውን ሰው ምን እንደጠቀመው ነው፤ ቢበዛ በ1,500 ቃል። ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩበት። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የሚጻፍ ያገኘሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ስለ ሻይ ነው፣ ሰርተፍኬትም የለው።

ገና ስቀጠር ነው። ኩሽና ውስጥ እንመዝናለን፤ ታካሚው ሻይ ያፈላል፣ እኛ ቆመን ቅደም ተከተሉን ይስታል ወይ፣ ማፍያውን ይረሳል ወይ እያልን እናያለን። አንድ ሽማግሌ ኩባያው ውስጥ መጀመሪያ ወተት አደረጉ። እኔ ቡና ጠጪ አገር ያደግሁት "ቅደም ተከተል ተዛብቷል" ብዬ ጻፍኩባቸው። ሱፐርቫይዘሬ አንብባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወተት የሚያስቀድም እንግሊዛዊ ሞልቷል፤ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ነው የጠጡት። የዚያን ጊዜ ዕቅዴ ላይ "በነርቭ ሕመም ላይ ያለኝን በራስ መተማመን ማሳደግ" የሚል ተጽፏል። ሰረዘችውና "በራስ መተማመንሽን ማን ያየዋል?" አለችኝ። በምትኩ የጻፍነው ይህ ነው፦ በሦስት ወር ውስጥ ከስምንት ታካሚዎች ጋር ኩሽና ከመግባቴ በፊት "ቤትዎ እንዴት ነው የሚያፈሉት?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን እጽፋለሁ፣ አራቱን ስሠራ እሷ ቆማ ታየኛለች። በቃ። ከዚያ ወዲህ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ ይልቅ ያ ሦስት ወር ነው ያስተማረኝ።

አሁን ወዳንቺ። ለታካሚ "የእጅ አቅምን ማሻሻል" ብለሽ ግብ ትጽፊያለሽ? አትጽፊም። "በስድስት ሳምንት ውስጥ በቀኝ እጇ እንጀራ ቆርሳ ትጎርሳለች" ነው የምትዪው። ታዲያ ለራስሽ ሲሆን "ክህሎት ማሳደግ" ከየት መጣ? ኮፕምን፣ ታካሚው ራሱ ለችግሮቹ ነጥብ የሚሰጥበትን መመዘኛ፣ ታውቂዋለሽ፤ ካናዳዎች የሠሩት ስለሆነ ጎንደር ሳትማሪው አልቀረሽም። ታካሚዋ አንቺ ሁኚና ተቀመጪ። በሥራሽ የሚያንገበግቡሽን ነገሮች ዘርዝሪ። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያሳስብሽ ከ10 ስጪው። ከብደው ለወጡት ደግሞ አሁን እንዴት እንደምትሠሪውና ምን ያህል እንደምትረኪበት፣ ያንንም ከ10። ዓመቱ ሲያልቅ መልሰሽ ስጪ፤ 2 ነጥብ ከጨመረ ለታካሚ እንደምንለው ሁሉ ለውጥ አለ። ከሁለት ግብ በላይ ግን አትያዢ።

ፊዚዮው የወደቀበት ጉድጓድ ሌላ ነው፤ የሰው ሕመም የራሱ ዕቅድ አደረገው። የሴትየዋ እጅ መዳን ባንቺ ብቻ አይወሰንም። በስንተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ እንደቆምሽ ግን ያንቺ ነው።

ፊዚዮው፦

ይሁን፣ ተሸነፍኩ። ወተቱን ግን አላመንኩም።

ባለጀበናዋ፦

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ስለነበር በስልክ ብርሃን ሠራሁት። ሦስት ነገር ወጣ። ስለ ሙያዬ ማስረዳት፦ አሳሳቢነቱ 7፣ አሠራሬ 4፣ እርካታዬ 3። ስፕሊንት መሥራት፦ 9፣ 6፣ 5። የተቃጠለ እጅን በጊዜ ማግኘት፦ 10፣ 2፣ 1። ስጽፈው 1 መስጠቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

ዛሬ ሰርጂካል ዎርድ (የቀዶ ሕክምና መኝታ ክፍል) ሄጄ መዝገቡን አገላበጥኩ። በዓመቱ እጃቸው ተቃጥሎ የተኙ 11 ሰዎች አሉ። ያየሁት አራቱን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት አንድም የለም። ሰባቱ የት እንደደረሱ አላውቅም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እጃቸው ተቃጥሎ ከሚተኙት ከአሥሩ ዘጠኙን በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ማየት።" ችግሩ ካልተጠራሁ አላውቅም። የሚጠራኝ ደግሞ የለም።

ዝናብ_አገር፦

ከዜሮ ወደ ዘጠኝ አትዝለዪ፤ ለታካሚም አታደርጊውም። መሰላል ሥሪለት። ከ−2 እስከ +2 የምንመዝንበት መሰላል አለ አይደል? −2 አሁን ያለሽበት ነው፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሲልኩልሽ። −1 በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገኘሻቸው። 0 የሚጠበቀው ነው፣ ግማሾቹን በሦስት ቀን ውስጥ። +1 ከአሥሩ ሰባቱን። +2 አንቺን ባይጠሩሽም ነርሶቹ ራሳቸው እጁን አስተካክለው ትራስ ላይ አስቀምጠው ስታገኚ። አለቃሽ ቁጥር ከፈለጉ ይኸው ቁጥር፤ አንቺም 0 ላይ ብትቀሪ አልወደቅሽም።

ካዘጋጀሻቸው ስፕሊንቶች በወር አንድ ቀን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ፊትና ስም ሳይኖር፣ ፈቅደውልሽ። አብረን እናየዋለን። ይኼም ስልጠና ነው፣ ቀኑን ጽፈሽ ያዢው።

ሲስተር_ነኝ፦

ልጄ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ሰርጂካል ዎርድ ውስጥ 22 ዓመት። "የሚጠራኝ የለም" ስትዪ ትንሽ ከፋኝ፤ እውነትሽን ነው ግን። ለሠላሳ ሕመምተኛ ሁለት ሆነን ስናድር አንቺ የት እንዳለሽ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ዕቅድሽን እኛ እስክንጠራሽ አታንጠልጥዪው። ነይ። ሐኪሞቹ ታካሚ በሚዞሩበት ራውንድ ላይ ግን አትምጪ፤ በፋሻ የተጠቀለለ እጅ ምኑን ታዪዋለሽ? ድሬሲንግ (የቁስሉ ፋሻ) በሚቀየርበት ሰዓት ነይ። እኛ ጋ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ያንቺንም ቤት ጠይቂ። ያን ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶታል፣ ቁስሉ ተከፍቷል፣ ሐኪሙም እዚያው አለ። ስፕሊንትሽን ከፋሻው በላይ አስረሽ ትሄጃለሽ። በማግስቱ ደግሞ መጥተሽ የጨቆነው ቦታ እንዳለ እዪ፤ ለእኛ ጥለሽ አትጥፊ።

ሌላም ልንገርሽ። የእጁን አቀማመጥ በሥዕል አድርገሽ ድሬሲንግ ትሮሊው ላይ ለጥፊልን። ጽሑፍ አታብዢበት። ነርስ ሌሊት ሥዕል ነው የሚያነበው።

ባለጀበናዋ፦

ሲስተር፣ ይቅርታዬን ይቀበሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ሄድኩ። የኛም ቀን እንደ እርስዎ ነው፤ ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ፎርሙ ላይ የገባው ይህ ነው፦ "በሳምንት 3 ቀን ሰርጂካል ዎርድ ድሬሲንግ ላይ መገኘት፤ እጃቸው ተቃጥሎ ከሚተኙት ግማሾቹን በ3 ቀን ውስጥ አይቶ ስፕሊንት መሥራት፤ በወር 1 ጊዜ ከከፍተኛ ባለሙያ ጋር ሥራን መገምገም።" አለቃዬ ሁለቴ አነበቡትና "ስልጠናውስ?" አሉኝ። ለፊዚዮው ስል "1 ስልጠና" ብዬ ጨመርኩ። ሁለተኛ ግብ አድርጌ የቡና ማፍላት መመዘኛ ልሠራ አሰብኩ፤ መቁላቱ፣ ጀበናውን አዘንብሎ ሲኒ ውስጥ መቅዳቱ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳለ። ስኳሩ መቼ እንደሚገባ ግን ከእያንዳንዱ ሰው እጠይቃለሁ፤ ከሻይው ተምሬያለሁ።

ቅዳሜ ሌሊት የገባ ሰው ነበር፣ ሁለቱም እጆቹ። ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ አገኘሁት። የቀኙን ሠራሁለት፣ ለግራው ጀሶ አለቀብኝ። ፊዚዮው፣ እናንተ ጋ ቆልማማ እግር በጀሶ የሚቃናበት ክሊኒክ ካለ፣ ጀሶውን ከየት ነው የምታመጡት? የኛዎቹ ጋ ሁለት ጥቅል ለመለመን እየሄድኩ ነው።