ከጅማ ሄዶ የእንጦጦን ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ ምርምር ማዕከል) ስለመጎብኘት

የሄርማታው አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሻማ ይፈልጋል፣ እሷ ግቢ ወጥታ ሰማይ ታያለች። አሁን ደግሞ የእንጦጦን ቴሌስኮፖች ካላየሁ ብላ ስቅዝ አድርጋ ይዛኛለች። ጥር ላይ ለአክስቷ ሠርግ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ በዚያው ላሳያት አስቤአለሁ። ዝም ብሎ ሄዶ መግባት ይቻላል? ቀን ይሻላል ወይስ ማታ? ብርድ ሲሆን አስም ይነሣባታል፣ እሱም ያሳስበኛል። ከተማውንም ከላይ ሆና ብታየው ደስ ይለኛል።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ወንድሜ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ትዳር አምጥቶኝ ሽሮ ሜዳ እኖራለሁ። እንደ እርስዎ የልጁን ጥያቄ የሚከተል አባት ሳይ ደስ ይለኛል።

ጥር ጥሩ ነው። በክረምት እንጦጦ ደመና ስለሚውጠው ቴሌስኮፑም ሥራ ይፈታል። ቦታው ግን የምርምር ማዕከል ነው፤ እንደ ፓርኩ ትኬት ተቆርጦ አይገባም። ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ አጽፈው ቀደም ብለው ያስገቡ፣ ቀኑንም ያስወስኑ።

እኔ ቀን ውሰዷት እላለሁ። ማዕከሉ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር ስፋት አለው። ጨለማ የለመደ የዓይን ብሌን የሚከፈተው 7 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ መስታወቱ ከአንድ ዓይን 20,000 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። ይህን እዚያው ቆማችሁ ንገሯት። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ስትመጥቅ፣ የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ እንጦጦ ነበር። ልጅቷ ይህ ሥራ በአገሯ ሰዎች እጅ እንደሚሠራ በዓይኗ ብታይ ትልቅ ነገር ነው።

አስሙን በተመለከተ፣ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ማዕከሉ ያለበት ግን ወደ 3,200 ይጠጋል። ስለዚህ ከጅማ በገባችሁበት ቀን አትውጡ፤ አንድ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ትረፍ። ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ፣ የምትስበው መድኃኒት ካላት ከእጇ አይለይ። ወፍራም ሹራብም አይረሳ። ባሕር ዛፉ ገለጥ ባለበት ሁሉ ከተማው ከበታቻችሁ ተዘርግቶ ይታያል። ምኒልክ የነገሡባት እንጦጦ ማርያምም እዚያው ናት፤ እግረ መንገዳችሁን ሳሟት።

ሌሊት ወፍ፦
እኔ አልስማማም። ኮከብ የምትወድ ልጅ ቀን ወስዶ የተዘጋ ጉልላት ማሳየት ምን ይጠቅማታል? ማታ ትሂድ!

የሽሮ ሜዳዋ፦
ሐሳብህ ገብቶኛል ወንድሜ። ግን በእንደዚህ ዓይነት የምርምር ቴሌስኮፕ ሰው ዓይኑን ደቅኖ አያይም፤ ምስሉን የሚይዘው ካሜራ ነው፣ የሚታየውም ኮምፒውተር ላይ ነው። ደግሞ ማታ የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ያደበዝዘዋል። ባለሙያዎቹ ለሌላ ቴሌስኮፕ ቦታ ፍለጋ ላሊበላ አካባቢ ያሉትን ተራሮች ያጠኑት ለምን ይመስልሃል? ለአስመኛ ልጅ የጥር ሌሊት ብርድ እዚያ ላይ ከባድ ነው።

የጅማ ፊዚክስ መምህር፦
እህቴ ትክክል ብላለች። ሰማዩንስ እዚሁ ያሳዩአት! ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ይምረጡ። ለጥበቃዎቹ ግን አስቀድመው ይንገሩ። በጥር ምሽት ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሦስቱ ተደርድረው ከሚታዩት ኮከቦች ዝቅ ብሎ ያለውን ጭጋግ መሳይ ነገር በባይኖኩላር ትየው፤ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ደመና ነው። ጨረቃን ማየት ከፈለገች ደግሞ ጨረቃ ከተወለደች ሳምንት ሲሞላት ይሻላል። ያኔ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመታት የጉድጓዶቹ ጥላ ቁልጭ ይላል፤ ሙሉ ስትሆን ጥላው ይጠፋል።

እኛ ጅማ ያለን ዕድል ለምድር ወገብ መቅረባችን ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ኮረብታ ይጋርደዋል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ግን ደመናው ከገለጠ የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በደቡብ በኩል ይታያል። አውሮፓ ያለ ልጅ ይህን ከቤቱ አያየውም።

የሄርማታው አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ደብዳቤውን ሰኞ አስጽፋለሁ። እንጦጦ በቀን፣ ከሠርጉ ማግስት። መምህር፣ ጅሬን የምንወጣበትን ምሽት እርስዎ ይምረጡልን፤ ባይኖኩላር ከዘመድ እዋሳለሁ። ተማሪዎችዎም ቢመጡ መኪና አለኝ።