ሊንክስ ላይ "14" ስንጽፍ ሊንኩን ከመክፈት ይልቅ ወደ ኋላ ይመልሰናል

የሐይቅ ላይብረሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ባለን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭነን ገጽ የምናነበው ሊንክስ በሚባለው የጽሑፍ ብሮውዘር ነው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ሌላው ብሮውዘር አይሞከርም። ማውስ የለውም። 14ኛው ሊንክ ድረስ ታች ቀስት እየተጫኑ መውረድ ደግሞ ያሰለቻል። ቁጥሩን ጽፎ መክፈት ይቻላል ሲባል ሰምተን 14 ስንጽፍ መጀመሪያ የገጹ ግርጌ ይወርዳል፣ ወዲያው ወደ ቀድሞው ገጽ ይመለሳል። ምን ይሻላል?

ጦሳ፦ አብሽሩ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ሴቲንጉ ካልተነካ ሊንክስ ላይ ቁጥሮች እንደ ቀስት ነው የሚሠሩት፦ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 6 ሊንኩን ይከፍታል፣ 4 ወደ ኋላ ይመልሳል፣ 1 ገጹ መጨረሻ ይወስዳል። እናንተንም 1 ግርጌ አወረዳችሁ፣ 4 መለሳችሁ።

ትንሿን ኦ ተጫኑ፤ የሴቲንግ ገጽ ይከፈታል። "ኪፓድ ሞድ" የሚለው መስመር ላይ ደርሳችሁ ኢንተር፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ሊንኮች ቁጥር እንዲኖራቸው የሚያደርገውን ውሰዱ። ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን ሳጥንም ምልክት አድርጉበት፤ አለዚያ ሊንክስን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል። ከዚያ "አክሰፕት ቼንጅስ" ላይ ኢንተር። አሁን በየሊንኩ ፊት [14] ዓይነት ቁጥር ይታያል፤ 14 ጽፎ ኢንተር ነው።

ኔትወርክ ለደከመበት ሰው ግን የሚበልጠው 14 ጽፎ ትንሿን ጂ መጨመር ነው። ሊንኩ ላይ ይቆማል እንጂ አይከፍተውም። እዚያው = ብትጫኑ ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ያሳያችኋል፤ የማትፈልጉት ከሆነ ሳይከፈት ታልፉታላችሁ። ከተከፈተ በኋላ መጫኑ ከዘገየ ዜድ ያቋርጠዋል።

ቦርከና፦ ጦሳ ያለው ትክክል ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ኦም ጂም አይሠሩም፤ ሊንክስ የሚጠብቀው የላቲን ፊደል ነውና መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ካፕስ ሎክም ይጥፋ፤ ትልቁ ጂ የገጹን አድራሻ ማስተካከያ ነው የሚከፍተው። ሌላው የፍለጋ ሳጥን ነው፦ ቀለሙ ሳጥኑ ላይ ቆሞ ሳለ የምትጽፉት ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ታብ ወይም ታች ቀስት ተጭናችሁ ውጡና ከዚያ ጻፉ።

ገጹ ረጅም ከሆነ ትንሿ ኤል ሊንኮቹን ብቻ ዘርዝራ ታወጣለች። እኔ ግን / ተጭኖ ቃል መፈለጉን እመርጣለሁ፤ ቀጣዩን ለማግኘት ኤን።

የሐይቅ ላይብረሪ፦ እናመሰግናለን፣ ቁጥሩ ሠራ። የአማርኛ ገጽ ግን ፊደሉ ተበላሽቶ ነው የሚታየው። ደግሞ አንዳንድ በተን ኢንተር ብንለውም ዝም ይላል።

ጦሳ፦ በተኑ በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ከሆነ አትድከሙ፤ ሊንክስ ጃቫስክሪፕት አያውቅም፣ የትኛውም ቁልፍ አይከፍተውም። ለፊደሉ እዚያው ኦ ገጽ ላይ "ዲስፕሌይ ካራክተር ሴት" የሚለውን ዩቲኤፍ 8 (የግዕዝን ፊደል ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደል የሚያስተናግደው ኮድ) አድርጉትና እንደገና ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ቦርከና፦ ያም ሆኖ ካልተስተካከለ ፎንቱን እዩ። የምትሠሩት ዴስክቶፕ ውስጥ ባለ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይጫን። ዴስክቶፕ በሌለው ጥቁር ኮንሶል ላይ ከሆነ ግን እነዚህ አይረዱም፤ ኮንሶሉ የራሱን ፎንት ነው የሚጠቀመው፣ የሚይዘውም ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው። ዴቢያን ለዚህ "ጎሃ" እና "ጎሃ ክላሲክ" የሚባሉ የግዕዝ ፎንቶች አሉት። "ኮንሶል ሴታፕ" የሚባለውን ፓኬጅ እንደገና አዋቅሩ፦ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8፣ የፊደል ዓይነቱ ኢትዮፒክ፣ ፎንቱ ጎሃ፣ መጠኑ 16። ከ12 እና ከ14 ይልቅ 16ቱ ለዓይን ይቀላል፤ በ12 ላይ ጸ እና ጽ ለመለየት ያስቸግራሉ።