የፒተር ፓን ልጆች እናት በእውነት ባሏ ሞቶባት ነበር?

የወንዶች እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። ጆኒ ዴፕ «ፒተር ፓን» የተባለውን ቲያትር ደራሲ ጄምስ ባሪን ሆኖ የሠራበትን ፊልም ትናንት አየሁት። ኬት ዊንስሌት የሆነቻት እናት ባሏ ሞቶባት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ለቲያትሩ መነሻ የሆኑት እነሱ ናቸው ይላል። እውነት ሕይወቷ እንዲህ ነበር? እኔም የወንዶች እናት ነኝና ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ።

አንባቢው፦ ፊልሙ ላይ ልጆቹ አራት ናቸው፤ በእውነቱ አምስት ነበሩ። ጆርጅ፣ ጃክ፣ ፒተር፣ ማይክልና ኒኮ። ባሪ ትልልቆቹን የተዋወቃቸው ለንደን፣ ኬንሲንግተን ጋርደንስ መናፈሻ ውስጥ፣ ከሞግዚታቸው ከሜሪ ሆጅሰን ጋር ሲንሸራሸሩ ነው።

ሶስና፦ እህቴ፣ ባሏ ያኔ በሕይወት ነበር! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አርተር ሉዌሊን ዴቪስ የሚባል የሕግ ሰው ነው። ቲያትሩ ታኅሣሥ 27 ቀን 1904 (በፈረንጆቹ) ለንደን ውስጥ ሲከፈት አርተርም እናትየዋ ሲልቪያም በሕይወት ነበሩ። በቲያትሩ ውስጥ የባሕር ወንበዴውን ካፒቴን ሁክን የተጫወተው ደግሞ የሲልቪያ ወንድም ጄራልድ ዱ ሞሪየ ነው። የልጆቹ አጎት ማለት ነው።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አርተርን መንጋጋው ላይ ካንሰር ያዘው። ቀዶ ሕክምናው መንጋጋውን ቆርጦ አወጣው፤ መናገር ሲያቅተው ሐሳቡን ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። በ1907 አረፈ። ሲልቪያም በ1910፣ በ43 ዓመቷ ተከተለችው። ትልቁ ልጅ 17፣ ትንሹ ኒኮ ገና 6 ዓመቱ።

በእጇ የጻፈችው ኑዛዜ ተገኘ። ሜሪ ከልጆቹ ጋር እንድትቆይ፣ የሜሪ እህት ጄኒም መጥታ እንድታግዛት ነበር ምኞቷ። ባሪ ግን ኑዛዜውን ገልብጦ ለሲልቪያ እናት ሲልክ «ጄኒ» የሚለው «ጂሚ» ሆነ። ጂሚ ራሱ ባሪ ነው! ሆን ብሎ ይሁን በስህተት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ባሪ ልጆቹን ይወዳቸው ነበር፣ አስተምሯቸዋልም። ቢሆንም የሟች ቃል እንዲህ መቀየሩ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልሙ ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ አባትየውን አስቀድሞ ቀበረው።

የወንዶች እናት፦ የኑዛዜው ነገር አንጀቴን በላው። ሜሪስ? ጥላቸው ሄደች?

ሶስና፦ ኧረ አልሄደችም። ከባሪ ጋር ባይስማሙም ለዓመታት አብራቸው ቆየች። ጆርጅን ግን በ1915 የዓለም ጦርነቱ በላው። ማይክልም በ1921 ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ።