የዓልዩ አምባ ንግድ ወዴት ሄደ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ወገኖች፣ ዓልዩ አምባ ድሮ ትልቅ ገበያ ነበር፣ የባህር እቃ ሸዋ የሚገባው በሱ በኩል ነው ሲሉ እሰማለሁ። አሁን ግን ትንሽዬ ከተማ ናት። ንግዱ ምን ሆኖ ነው የጠፋው? ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልትስ ለምን በጣርማ በር ሄደ? የምታውቁ ንገሩኝ

መልስ 1 (አንኮበር)፦
እውነት ነው እህቴ። ከታጁራ ወደብ የተነሳ ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከዳገቱ ሥር ፋሬ የምትባል ቦታ ላይ ይራገፋል፣ ግመል የኛን ዳገት አይችለውማ፣ ከዛ በአህያና በበቅሎ ነው በዓልዩ አምባ አድርጎ አንኮበር የሚወጣው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ ይገባል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ የሚያሳዝነው ሰውም ይሸጥ ነበር። ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ እንኳን ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1879 አንኮበር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በዛው ዓመት ሐረር በምኒልክ ስትያዝ ንግዱ ወደዛ ዞረ፣ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባማ በቃ፣ ማን በበረሃ ይንገላታል

መልስ 2 (ሸዋሮቢት፣ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር)፦
ልጄ የአስፋልቱን እኔ ልንገርሽ። ጣልያን መኪና ከአዲስ አበባ በደሴ አስመራ ሊያስኬድ ብሎ ነው የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ የበሳው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ከአሰብ የጫነ መኪና ብዙው በአዋሽ በኩል ያልፋል፣ ለወሎና ለኛ አገር የጫነው ግን በባቲ ኮምቦልቻ ዞሮ ይመጣ ነበር፣ ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና ከነተሳቢው ያንን ዳገት በከባድ ማርሽ በጉም ውስጥ እያቃሰተ ሲወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተላል። ደብረ ሲና ምግብ ቤቱም ጎሚስታውም በሹፌር ነበር የሚኖረው። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲመጣ አሰብ ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ጅቡቲ ሆነ፣ በጋላፊ ሚሌ አዋሽ በቆላው ያልፋል። ለኛ የቀረው የአገር ውስጥ እህልና ሲሚንቶ ነው፣ አይሱዙና ሲኖትራክ

መልስ 3፦
ጋሼ እናመሰግናለን። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሀራ ገበያ ባቡር ሥራ ቢጀምር ግን ትንሽ ይቀየር ነበር፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሀዲዱ በአብዛኛው ተዘርግቶ ቁጭ ማለቱ ያንገበግበኛል

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ደብረ ብርሃን እኮ አሁን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፣ የጅቡቲ ኮንቴነር ግን ሞጆና አዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚመጣልን። በአንኮበር ወደ አዋሽ የሚወርደው መንገድ ከባድ መኪና እንዲችል ሆኖ ቢሠራ ያ ሁሉ ዙር ይቀር ነበር፣ ለዓልዩ አምባም ገበያ ይመለስላት ነበር